ከመሪው ጎን የተቀመጠው ሰው



የረመዳን ምሽት በየቤታችን የራሱ ሥርዓት አለው። የመግሪብ አዛን እንደተሰማ በተምርና በውሃ እናፈጥራለን። ሶላት ተሰግዶ ሲያበቃ ሾርባው፣ ሳምቡሳውና እርጎው ይቀርባል። ከዚያ የተራዊህ ሰዓት ይደርስና አባወራውም ወጣቱም ምንጣፉን ይዞ ወደ መስጂድ ያቀናል። ከተራዊህ መልስ ሻይ ሲቀዳ ግን ብዙ ቤት ውስጥ አንድ ጥያቄ ይነሳል፦ «ቴሌቪዥኑ ይከፈት ወይስ አይከፈት?» ልጆች ይከፈት ይላሉ። አያቶች ወሩ የቁርኣን ነው ይላሉ። መሃል ላይ ያለችው እናት «እስኪ ሻያችሁን ጠጡ» ብላ ታበርዳለች።

ይህ ክርክር በእኛም ቤት ለዓመታት ነበር። ክርክሩን የምታበርደው እናታችን ግን ለአንድ ተከታታይ ድራማ ብቻ እጇን ትሰጥ ነበር። ድራማው ቱርኮች የሠሩት «ዲሪሊሽ፦ ኤርቱግሩል» ነው። እናታችን ቱርክኛ አታውቅም። ከሥር የሚጻፈውንም ትርጉም ለማንበብ ዐይኗ አይደርስላትም። ታሪኩን የምትከታተለው እኛ እየተረጎምንላት ነበር። በዚያ ሁሉ ፈረስ፣ ሰይፍና አቧራ መሃል የምትፈልገው ጀግናውን ኤርቱግሩልን አልነበረም። «ሐኪሙ ዛሬ አልመጣም?» ትል ነበር። ሐኪሙ የምትለው ጢሙ ሽበት የጣለበትን፣ ከቤዩ ጎን የሚቀመጠውን፣ የቆሰለውን የሚያክመውንና ሲናገር ድምፁን የማያነሳውን አርቱክ ቤይን ነው።

የዛሬው ጽሑፋችን አርቱክ ቤይን ሆኖ ስለተጫወተው ሰው ነው። ስሙ አይበርክ ፔክጃን ይባላል። ስሙን ከድራማው ተመልካቾች መካከል የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው፤ ፊቱን ግን ከኢስታንቡል እስከ ላሆር ሚሊዮኖች ያውቁታል። (የጠቀስናቸው ዓመታት፣ ከአገራችን አዋጅ በስተቀር፣ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስሙ የማይታወቅ፣ ፊቱ የሚታወቅ

አይበርክ ፔክጃን እ.ኤ.አ. በግንቦት 1970 በደቡብ ቱርክ፣ በሜዲትራንያን ባሕር ዳር በምትገኘው የወደብ ከተማ በመርሲን ተወለደ። ሙያው ትወና ነው፤ ይሁን እንጂ ፎቶው በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከፊት የሚወጣለት ዓይነት ተዋናይ አልነበረም። በትወናው ዓለም የባሕርይ ተዋናይ የሚባለው ዓይነት ነበር።

የባሕርይ ተዋናይ ማለት ምን ማለት ነው? መሪ ተዋናዩ ታሪኩን ይሸከማል። ይፋለማል፣ ያፈቅራል፣ በመጨረሻም ያሸንፋል። የባሕርይ ተዋናዩ ደግሞ ታሪኩ የሚኖርበትን ዓለም ይሠራል። ሾፌር፣ አጎት፣ ነጋዴ፣ ሽማግሌ ወይም ሐኪም ሆኖ ይመጣል። አንዳንዴ አምስት ደቂቃ ብቻ ይታያል። በዚያች አምስት ደቂቃ ግን ሰውየው ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደሚፈራና ቤቱ ምን እንደሚመስል ካላሳመነን መሪ ተዋናዩ የቆመበት መሬት ይከዳዋል። በሠርግ ቤት ሙሽራውን ሁሉም ያየዋል፤ ድንኳኑን የተከሉትን፣ ወጡን የሠሩትንና እንግዳ የተቀበሉትን የሚያይ ግን ጥቂት ነው። የባሕርይ ተዋናይ ከእነዚህ ወገን ነው።

ፔክጃን በዚህ ሙያ የኖረው ሁለት በጣም በተለያዩ ዓለማት ውስጥ ነበር። አንደኛው በትልልቅ የፊልም ፌስቲቫሎች የሚታዩት ዝምታ የበዛባቸው የቱርክ ፊልሞች ዓለም ነው። ሁለተኛው በየሳምንቱ ሚሊዮኖች የሚጠብቁት የቴሌቪዥን ድራማ ነው። እነዚህን ሁለቱን ዓለማት የሚያገናኝ ተዋናይ ብዙ አይገኝም።

ጸጉር ሻጩ፣ ሾፌሩና አጎቱ

ፔክጃን በመሪ ተዋናይነት ከታየባቸው ፊልሞች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የዳይሬክተር ታይፉን ፒርሰሊሞሉ ሥራ ነው። ርዕሱ ሲተረጎም «ጸጉር» ማለት ነው። በዚህ ፊልም ፔክጃን ሃምዲ የሚባል ብቸኛ ሰው ሆኖ ይጫወታል። ሃምዲ ኢስታንቡል ውስጥ ሰው ሠራሽ ጸጉር የሚሸጥባት ትንሽ ሱቅ አለው። ካንሰር ይዞታል፤ ብዙ ጊዜ እንዳልቀረውም ያውቃል። ሲጋራውን ከአፉ አይለይም። ሕልሙ ወደ ብራዚል መሄድ ነው። አንድ ቀን ጸጉሯን ልትሸጥ የመጣች ሴት ከሱቁ ትገባለች፤ ታሪኩም ከዚያ ይጀምራል። በፊልሙ ውስጥ ንግግር እምብዛም የለም፤ ተመልካቹ የሃምዲን ሐሳብ የሚያነበው ከፔክጃን ፊት ላይ ነው።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ2014፣ በኑሪ ቢልጌ ጄይላን ፊልም «የክረምት እንቅልፍ» ውስጥ ታየ። ይህ ፊልም በዚያው ዓመት በካን የፊልም ፌስቲቫል ከፍተኛውን ሽልማት፣ የወርቅ ዘንባባውን፣ ያገኘ ነው። ታሪኩ የሚካሄደው በካፓዶቂያ፣ ዐለት እየተፈለፈለ ቤት በሚሠራበት አካባቢ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ አይዲን የሚባል ሀብታም የሆቴል ባለቤት ነው፤ የተጫወተውም አንጋፋው ተዋናይ ሃሉክ ቢልጊነር ነው። ፔክጃን የአይዲን ሾፌርና ጉዳይ ፈጻሚ የሆነው ሂዳየት ነው።

የፊልሙ የመጀመሪያ ትልቅ ትዕይንት የሚንቀሳቀሰው በእሱ እግር ነው። የደሃ ተከራይ ልጅ በመኪናው መስኮት ላይ ድንጋይ ይወረውራል። ሂዳየት ከመኪናው ወርዶ ልጁን አባርሮ ይይዘዋል፤ ወደ አባቱም ቤት ይወስደዋል። ባለሀብቱ መኪናው አጠገብ ቆሞ ይጠብቃል። ከልጁ አባት ጋር ፊት ለፊት የሚጋጠመው ሾፌሩ ነው። የጌታው እጅ እንዳይቆሽሽ የራሱን የሚያቆሽሽ ሰው በየአገሩ አለ። ፔክጃን ያን ሰው ክፉም ደግም ሳያደርግ፣ እንጀራው ከሚገኝበት ቦታ ላይ የቆመ ሰው አድርጎ አሳየን።

በ2015 ደግሞ «ሙስታንግ» መጣ። የዳይሬክተር ደኒዝ ጋምዜ ኤርጉቬን የመጀመሪያ ረጅም ፊልም ነው። በጥቁር ባሕር ዳርቻ ባለች መንደር ከአያታቸውና ከአጎታቸው ጋር የሚኖሩ አምስት ወላጅ አልባ እህትማማቾችን ታሪክ ይናገራል። ፔክጃን አጎትየውን ኤሮልን ሆኗል። ኤሮል ሰው ምን ይለኛል በሚል ፍርሃት የቤቱን መስኮት በብረት የሚያጥር፣ ልጆቹን ሳይፈልጉ የሚድር፣ በጓዳው ግን ራሱ ከሁሉም የባሰ በደል የሚፈጽም ሰው ነው። ፊልሙ ፈረንሳይን ወክሎ ለኦስካር በውጭ ቋንቋ ፊልም ዘርፍ ታጨ፤ በፈረንሳዩ የሴዛር ሽልማትም አራት ሽልማት ወሰደ።

አንድ ነገር ለወላጆች እንናገር። ሦስቱም ፊልሞች ለአዋቂ የተሠሩ ናቸው፤ ከልጆች ጋር ተቀምጠው የሚያዩአቸው አይደሉም። የጠቀስናቸው የሰውየውን የሙያ ስፋት ለማሳየት ነው። «ሙስታንግ»ን ያየ ሰው አጎትየውን ይጠላዋል። ግን በዚያው በ2015፣ መኸር ላይ፣ ይኸው ፊት በቱርክ ቴሌቪዥን ብቅ ሲል ሕዝቡ እንደ አባት ወደደው።

ሐኪሙ

«ዲሪሊሽ፦ ኤርቱግሩል» በቱርክ መንግሥታዊ ጣቢያ ቴ.ሬ.ቴ. 1 መታየት የጀመረው በታኅሣሥ 2014 ሲሆን ያበቃው በግንቦት 2019 ነው። አምስት ምዕራፎች፣ 150 ክፍሎች አሉት። የድራማው ባለቤትና ዋና ጸሐፊ መህመት ቦዝዳ ነው። ኤርቱግሩልን ኤንጊን አልታን ዱዝያታን፣ እናቱን ሀይሜን ደግሞ ሁልያ ዳርጃን ተጫውተዋል። ቀረጻው በአብዛኛው የተካሄደው ከኢስታንቡል ወጣ ብላ በምትገኘው በሪቫ ነበር። በዚያ የድንኳን መንደር ተተከለ፤ ተዋናዮቹም ፈረስ መጋለብና ሰይፍ መያዝ ተማሩ። ለውጊያው ትዕይንት ከካዛክስታን የመጡ ባለሙያዎች አሠልጥነዋቸዋል።

አርቱክ ቤይ የሚገባው በሁለተኛው ምዕራፍ ነው። መጀመሪያ የምናየው የሀይሜ ወንድም ኮርኩት ቤይ በሚመራው የዶዱርጋ ነገድ ውስጥ ነው፤ የኮርኩት ቀኝ እጅና የነገዱ ሐኪም ነው። ኋላ ከኤርቱግሩል ጋር ተሰልፎ እስከ አምስተኛው ምዕራፍ ይዘልቃል። ጎራዴም ይይዛል፤ ሰው የሚያስታውሰው ግን ሥር ቀጥቅጦ፣ ቁስል አጥቦ፣ ትኩሳት ያንቀጠቀጠውን ወጣት አጠገብ ሲያድር ነው።

እስኪ አንድ ምሽት ስታዩት አርቱክን ብቻ ተከታተሉ። በጉባኤው ድንኳን ውስጥ ወጣቶቹ ይቆጣሉ፣ ይምላሉ፣ ሰይፍ ይመዛሉ። እሱ ያዳምጣል። ሌላው ሲናገር ዐይኑን ከተናጋሪው አይነቅልም። የመናገር ተራው ሲደርስ ደግሞ አጭር ይናገራል። ትወና የሚያስተምሩ ሰዎች ከሁሉ ከባዱ ማዳመጥ ነው ይላሉ፤ ምክንያቱም ካሜራው ጠልቆ የሚያየው የሚናገረውን ብቻ ሳይሆን የሚሰማውንም ነው። እናታችን ይህን የትወና ትምህርት አልተማረችም፤ ግን «ይሄ ሰውዬ ሰው ይሰማል» ትለን ነበር። ከዚያም ወደ እኛ ዞራ «እናንተ ግን አትሰሙም» ትል ነበር።

አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሰዓት

የቱርክ ተከታታይ ድራማ አሠራር ከዓረቡ ዓለም ይለያል። ግብጽና ሶርያ ለረመዳን የሚሠሩት ድራማ አብዛኛውን ጊዜ 30 ክፍል ያህል ነው፤ በየምሽቱ አንድ አንድ እየታየ ከወሩ ጋር ያልቃል። ቱርኮች ግን በሳምንት አንድ ቀን ያሳያሉ። «ኤርቱግሩል» የረቡዕ ምሽት ድራማ ነበር። አንዱ ክፍል ሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ ይረዝማል። ይህ ማለት ሠራተኛው በየሳምንቱ የአንድ ሙሉ ፊልም ያህል ሠርቶ ማስረከብ አለበት ማለት ነው። ጽሑፉ እየተጻፈ፣ ቀረጻው እየተካሄደ፣ የተቀረጸው እየተቆረጠ ሳምንቱ ያልቃል፤ ከዚያ ሌላው ይጀምራል። በ2010 የቱርክ ድራማ ሠራተኞች የክፍሎቹን ርዝመት በመቃወም ድምፃቸውን ያሰሙት ያለ ነገር አልነበረም።

ወደ ውጭ ሲሸጥ ደግሞ አንዱ ክፍል ሁለትና ሦስት ቦታ ይቆረጣል። አንዱ ሰው «150 ክፍል ነው» ሲል ሌላው «ኧረ ከ400 በላይ ነው» የሚለው ለዚህ ነው፤ ሁለቱም ልክ ናቸው።

በዚህ ዓይነት ሥራ ውስጥ የባሕርይ ተዋናይ ዕጣ መጠበቅ ነው። በብርዱም በጭቃውም ልብሱን ለብሶ፣ ጢሙን አስተካክሎ ተራውን ይጠብቃል። ለሦስት መስመር ንግግር ሙሉ ቀን ሊውል ይችላል። ፔክጃን በካን የተሸለመ ፊልም ውስጥ ከሠራ በኋላ ነው ወደዚህ ሜዳ የመጣው። በአርቱክ ላይ ግን የታካችነት ምልክት አይታይም። በመቶኛው ክፍል ቁስል ሲያጥብ እንደ መጀመሪያው ቀን ተጠንቅቆ ነው።

ታሪኩ ሌላ፣ ድራማው ሌላ

ልጆቻችን ይህን ድራማ እንደ ታሪክ መጽሐፍ ሊያዩት ስለሚችሉ ጥቂት ማስተካከያ ያስፈልጋል።

ኤርቱግሩል በእርግጥ የኖረ ሰው ነው። የኦቶማን ሥርወ መንግሥት መሥራች የዑስማን አባት ነው፤ በዑስማን ስም የተመታ አንድ ሳንቲም ላይ የአባቱ ስም ሰፍሮ ይገኛል። መቃብሩም ሶዩት በምትባለው ከተማ ይጎበኛል። ያረፈው በ1280 አካባቢ እንደሆነ ይነገራል። ስለ ሕይወቱ የሚተርኩት የኦቶማን ዜና መዋዕሎች የተጻፉት ግን እሱ ካለፈ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይተው ነው። በድራማው የምናያቸው ፍልሚያዎችና ንግግሮች በአብዛኛው የጸሐፊዎቹ ፈጠራ ናቸው።

አርቱክ ቤይ የሚባል ሰውም በታሪክ አለ። ታሪካዊው አርቱክ ግን የሴልጁኮች የጦር አዛዥ ነበር፤ በመጨረሻም የኢየሩሳሌም፣ የአል-ቁድስ፣ ገዥ ሆኖ በ1091 ሞተ። ኤርቱግሩል የኖረው ከእሱ ከመቶ ዓመት በላይ ዘግይቶ ስለሆነ ሁለቱ በአንድ ድንኳን ሊቀመጡ አይችሉም። ድራማው ስሙን ወስዶ አዲስ ሰው ሠርቶበታል።

የታሪካዊው አርቱክ ዘሮች አርቱቂዶች ይባላሉ፤ በማርዲንና በዲያርባክር አካባቢ ለረጅም ዘመን ገዝተዋል። በውሃ የሚሠሩ ሰዓቶችንና ማሽኖችን የሠራው ታላቁ የሙስሊም መሐንዲስ አል-ጀዘሪ ያገለገለው በእነሱ ቤተ መንግሥት ነበር፤ ዝነኛ መጽሐፉንም በ1206 ጨርሷል። የዝሆን ቅርጽ ያለውን ሰዓቱን ሥዕል ለልጆቻችሁ ብታሳዩአቸው ከሰይፍ ፍልሚያው ባልተናነሰ ይደነቃሉ።

የድራማው አርቱክ ሐኪም መሆኑም ያለ መሠረት አይደለም። የዚያ ዘመን አናቶሊያ የሕክምና አገር ነበረች። በካይሰሪ በሴልጁክ ልዕልት በጌቭሄር ነሲቤ ስም የተሠራው ሆስፒታልና የሕክምና ትምህርት ቤት በ1206 ተጠናቋል። በዲቭሪ ደግሞ ታላቁ መስጂድና ሆስፒታሉ ጎን ለጎን ተሠርተዋል፤ ግንባታው የተጀመረው በ1228 ሲሆን ዛሬ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። መስጂድና ሆስፒታል በአንድ ግድግዳ ሲገናኙ ማየት ለዚህ ወር የሚስማማ ሥዕል ነው።

የ2020ው ረመዳን

ድራማው ከቱርክ ውጭ የገነነበት አንዱ ወቅት በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ሰው ሁሉ ቤቱ የተቀመጠበት የ2020 ረመዳን ነው። የፓኪስታን መንግሥታዊ ቴሌቪዥን በወሩ መጀመሪያ «ኤርቱግሩል ጋዚ» በሚል ስም በኡርዱ ተርጉሞ አቀረበው። በወቅቱ የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ኢምራን ኻን ሕዝባቸው እንዲያየው በይፋ መክረው ነበር። መስጂድ ገብቶ መስገድ በተገደበበት በዚያ ረመዳን ሚሊዮን ቤተሰቦች ከአፍጥር በኋላ አንድ ድራማ ላይ ተሰበሰቡ።

ሁሉም ግን በአንድ ዐይን አላየውም። የቱርክና የአንዳንድ ዓረብ አገሮች ግንኙነት በሻከረበት ጊዜ፣ በመጋቢት 2018፣ ኤም.ቢ.ሲ. የተባለው ትልቁ የዓረብ ቴሌቪዥን ኩባንያ የቱርክ ድራማዎችን ማሳየት አቋርጧል። የግብጹ ዳር አል-ኢፍታም በ2020 መጀመሪያ ድራማውን የቱርክ ፖለቲካ መሣሪያ ነው ሲል ነቅፎታል። ድራማ ሲባል መዝናኛ ብቻ አይደለም፤ የሚሠራው መንግሥት ሐሳብም አብሮ ይገባል። ይህን ማወቅ ከልጆቻችን ጋር ስናይ ምን እንደምንላቸው ያግዘናል።

ሕመሙ

በ2021 መስከረም አይበርክ ፔክጃን በማኅበራዊ ገጹ ላይ ለተመልካቾቹ መልእክት ጻፈ። የሳንባ ካንሰር እንደተገኘበት፣ ሕክምና እንደጀመረና ከስክሪን የራቀው በዚህ ምክንያት እንደሆነ ገለጸ። ከቱርክ፣ ከፓኪስታንና ከሌሎችም አገሮች ዱዓ ጎረፈለት። አብዛኞቹ ጸሐፊዎች «አርቱክ ቤይ» እያሉ ነበር የሚጠሩት። ከአራት ወር ገደማ በኋላ፣ ጥር 24 ቀን 2022፣ በ51 ዓመቱ አረፈ።

ወሬው እኛ ቤት የደረሰው በስልክ ነበር። ለእናታችን ስንነግራት እንደ ልማዷ «ኢናሊላሂ» ብላ ዝም አለች። ቆይታ ቆይታ «ሌላውን ሁሉ አክሞ፣ ለራሱ አጣ» አለች። ድራማ መሆኑን ልናስረዳት አልሞከርንም፤ ታውቀዋለች። ከዚያ ታላቅ ወንድማችንን ተመለከተችው። አንዲት ቃል አልተናገረችውም።

ታላቅ ወንድማችን ሲጋራ ያጨስ ነበር። በጾም ወር ቀኑን ሙሉ ሳይነካ ይውልና፣ ተምሩን ቀምሶ፣ መግሪብን ሰግዶ፣ ሾርባው ሳይቀዘቅዝ ወደ በር ይወጣል። ልጆቹ «አባባ የት ሄደ?» ይላሉ። የት እንደሄደ ሁላችንም እናውቃለን። እናታችን ለዓመታት ተቆጥታው፣ ለምናው፣ በመጨረሻም ትታው ነበር። የዚያን ዕለት ግን ያ እይታዋ ከቁጣዋ ይልቅ ከበደው። በዚያው ዓመት ረመዳን ለመተው ሞከረ፤ ከዒድ በኋላ ተመለሰበት። በሚቀጥለው ዓመትም ሞከረ። ዘንድሮ ወሩ ከገባ ጀምሮ ከአፍጥር በኋላ ወደ በር አልወጣም። ሾርባው ላይ አብሮን ይቀመጣል። ለዒድ ማግስት ዱዓ እያደረግንለት ነው።

ስለ ፔክጃን ሕመም መነሻ ማውራት የእኛ ፋንታ አይደለም። የሳንባ ካንሰር በሕይወቱ ሲጋራ ነክቶ የማያውቀውንም ይይዛል። ይሁን እንጂ ከሁሉ የበዛው የበሽታው መንስኤ ትምባሆ መሆኑን ሕክምናው ያረጋገጠው ነው፤ የሰው ጭስ መተንፈስም ያጋልጣል። በሽታው ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ዘግይቶ ነው። ለሳምንታት የማይለቅ ሳል፣ ደም የተቀላቀለበት አክታ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ሕመም፣ ያለ ምክንያት መክሳት ሲታይ «ብርድ ነው» ብሎ ከመቀመጥ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባል። በአገራችንም የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በቤት ውስጥ ባሉ የሕዝብ መገልገያዎችና የሥራ ቦታዎች ማጨስን ይከለክላል፤ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ትምባሆ መሸጥንም እንዲሁ።

ቀኑን ሙሉ ያለ ሲጋራ መዋል የቻለ ሰው ሌሊቱንም ሊችል ይችላል። ረመዳን ለዚህ የሚመች ወር ነው፤ ቤተሰቡ አብሮ ስለሚያፈጥር የሚታገለው ሰው ብቻውን አይሆንም። ሱሱ የሚጎትተው ከአፍጥር በኋላ ባለችው ጊዜ ነው። ያቺን ጊዜ በሻይ፣ በጨዋታ፣ ወደ መስጂድ አብሮ በመሄድ መሙላት ይቻላል። ሲሳነው ደግሞ ሐኪም ማማከር ነውር የለውም።

ለቤተሰብ የሚቀረው

የዚህን ተዋናይ ሕይወት መለስ ብለን ስናየው አንድ ነገር ይታየናል። በ51 ዓመት ዕድሜው ስሙ ከሌሎች ስም ቀጥሎ ነበር የሚጻፈው። «የክረምት እንቅልፍ» ሲነሳ ቢልጊነር ይወሳል፣ «ሙስታንግ» ሲነሳ እህትማማቾቹ፣ «ኤርቱግሩል» ሲነሳ ዱዝያታን። እሱ ግን ሾፌር ሲሆን ሾፌር፣ ክፉ ሲሆን ክፉ፣ ሐኪም ሲሆን ሐኪም ነበር። የተሰጠውን ቦታ አላሳነሰውም። ሲሞት ደግሞ ሰዎች ያለቀሱለት ዘመዳቸው እንደሞተ ሆነው ነው።

በየቤታችንም እንዲህ ያለ ሰው አለ። ሱሁር ላይ ከሁሉ ቀድሞ የሚነሳ፣ ሳምቡሳውን ጠቅልሎ ጠብሶ ለራሱ የመጨረሻውን የሚያስቀር፣ አያትን ይዞ ቀስ እያለ ወደ መስጂድ የሚወስድ፣ የታመመ ጎረቤት ቤት ምግብ አድርሶ ሳይናገር የሚመለስ ሰው አለ። ስሙ አይነሳም፤ እሱ በሌለበት ቀን ግን ቤቱ ይጎድላል። ዛሬ ማታ ማዕዱ ላይ ይህ ሰው ማን እንደሆነ ልጆቻችሁን ጠይቋቸው። መልሳቸው ሳያስገርማችሁ አይቀርም። መልሱን ሲያገኙ ደግሞ ሳህን አጣቢው እሱ እንዳይሆን ተራ አስይዙ።

ቴሌቪዥኑስ? እኛ ቤት ጉዳዩ በስምምነት ተቋጭቷል። ቁርኣን ሳይቀራ፣ ተራዊህ ሳይሰገድ አይከፈትም። ከተከፈተም አንድ ክፍል ብቻ ይታያል፤ ሱሁር ላይ የሚነሳ ሰው እንቅልፍ ያስፈልገዋል። የታየውን ደግሞ «ይሄ በእውነት ሆኗል? ወይስ ፈጠራ ነው?» እያልን እንነጋገርበታለን። እናታችን ዛሬም አልፎ አልፎ የድሮዎቹን ክፍሎች ክፈቱልኝ ትላለች። አርቱክ ድንኳኑን ገልጦ ሲገባ ለአፍታ ዝም ትልና ለታመመ ሁሉ ዱዓ ታደርጋለች። እኛም «አሚን» እንላለን፤ ታላቅ ወንድማችንም ከመሃላችን ተቀምጦ።

መልካም የረመዳን ወር!